ሲሚንቶ ከመሆኑ በፊት ባሕር ነበር

ከሙከጡሪ ተነስቶ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ ሰው ለሚን አለፍ እንዳለ መሬት ያልቅበታል። ያ ሁሉ ሜዳ፣ ያ ሁሉ የስንዴና የጤፍ ማሳ ድንገት ጠርዝ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ከሥሩ የጀማ ወንዝ አለ። ከደጋው ጠርዝ እስከ ወንዙ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል። ተሳፋሪው የደረበውን ጋቢ ማውለቅ ይጀምራል። ታች ሲደርስ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው።

በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ። ድንጋዩን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ጭላዳ ሲዘል አያለሁ፣ ገደሉን አይቼ እደነግጣለሁ፣ አለቀ። አንድ ቀን የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ተነፈሰና መንገድ ዳር ቁጭ አልን። ነጣ ያለ ድንጋይ አንስቼ ዝም ብዬ አገላብጣለሁ። ድንጋዩ ላይ ቀንድ አውጣ አለ። ሰው የሳለው መስሎኝ በጥፍሬ ፋቅሁት። አልተፋቀም። ከድንጋዩ ጋር አንድ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አየት አደረጉትና «እሱማ የጥፋት ውኃ ጊዜ የቀረ ነው፤ ታች ቆላው ሞልቷል» አሉኝ። ምንም አልገረማቸውም።

ያ ድንጋይ አሁን የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። ይዤው መምጣቴ ልክ ነበር ወይ? ወደኋላ እመለስበታለሁ። ሰሞኑን ትዝ ያለኝ ግን በሌላ ምክንያት ነው። ያ ነጭ ድንጋይ ዛሬ ተፈላጊ ሆኗል። ለሲሚንቶ።

በመስከረም 2017 ለሚ ላይ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ይባላል። 600 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ነው። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በቀን 150,000 ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚያመርት ተነግሯል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሸዋ የሲሚንቶ አገር ነበር። ሙገር በ1976፣ ደርባ በ2004፣ ዳንጎቴ በ2007 መጥተዋል። ሁሉም የሄዱት ወደ አንድ ድንጋይ ነው፤ በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ጎን ብቅ ወደሚለው የኖራ ድንጋይ።

ሲሚንቶ አይመረት ልል አይደለም። እኔም አንዲት ክፍል ለመጨመር ብዬ ሲሚንቶ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የተንከራተትኩ ሰው ነኝ። ያኔ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ለማግኘት ዘመድ ያስፈልግ ነበር። ፋብሪካው መምጣቱ ለአካባቢው ወጣት ሥራ ነው፣ ለአገርም እፎይታ ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ድንጋዩ ወፍጮ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማን ያየዋል?

ጥያቄው የቅንጦት እንዳይመስል ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

ሲሚንቶ በግርድፉ የተጋገረ የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው ይደባለቃሉ። ከዚያ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ይቃጠላሉ። የሚወጣው ጠጠር ክሊንከር ይባላል። ክሊንከሩ ከጥቂት ጄሶ ጋር እንደገና ሲፈጭ ሲሚንቶ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ከንጹሕ የኖራ ድንጋይ ክብደት 44 በመቶው ምድጃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። ያንን ካርቦን የዛሬ 150 እና 160 ሚሊዮን ዓመት የባሕር እንስሳት ከውኃ ወስደው ቅርፊታቸውን ሠርተውበታል። ያን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ውስጥ ታሽጎ ኖረ። አሁን በጭስ ማውጫ ይወጣል።

ወደ ሒሳባችን። የለሚው ምድጃ በቀን 10,000 ቶን ክሊንከር እንዲያወጣ የተሠራ ነው። ለአንድ ቶን ክሊንከር ከአንድ ቶን በላይ የኖራ ድንጋይ ይፈለጋል። ዝቅ አድርገን በቀን 10,000 ቶን ድንጋይ እንበል። ይህ ወደ 4000 ሜትር ኩብ ይጠጋል። አንድ የእግር ኳስ ሜዳ አስቡ። ሜዳውን ከጎል እስከ ጎል ከግማሽ ሜትር ትንሽ በለጥ አድርጎ ዝቅ ማድረግ ማለት ነው። በየቀኑ።

ያ ግማሽ ሜትር ለመከመር ስንት ጊዜ ፈጀ? በዓባይ ሸለቆ የዚህ የኖራ ድንጋይ ውፍረት ወደ 400 ሜትር ይደርሳል። የተጠራቀመው ከ165 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። 400 ሜትርን ለ15 ሚሊዮን ዓመት ብታካፍሉት በሺህ ዓመት ሦስት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ደለል እንዲህ በእኩል አይከመርም፤ አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይቆማል። በአማካይ ሲታይ ግን ያ የአንድ ቀን ግማሽ ሜትር ወደ 20,000 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተጻፈ ታሪክ ሁሉ ይበልጣል። ከቁርስ እስከ ቁርስ ይፈጫል።

ባሕሩ እንዴት መጣ?

ሚሊዮን ዓመት የሚባለው ነገር ለሰው ጭንቅላት አይመችም። እኔ በመኪና መንገድ ነው የሚገባኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ብትነዱና እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ወደኋላ ነው ብትሉ፣ ድንቅነሽን ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ታገኟታላችሁ። ገና ከከተማው አልወጣችሁም። የደጋውን ጥቁር ድንጋይ የተፋው ትልቁ የእሳተ ገሞራ ዘመን 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሰንዳፋ ሳትደርሱ። ዳይኖሰሮች የጠፉት አለልቱንና ሸኖን ስታቋርጡ ነው። የኛ ባሕር ግን እዚያም የለም። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ ብርዱን ጠጥታችሁ፣ ወደ ጣርማ በር ስትቃረቡ ነው የምታገኙት።

ያኔ የዓለም ካርታ ሌላ ነበር። አፍሪካ፣ ሕንድ፣ ማዳጋስካር፣ ዓረቢያ፣ ደቡብ አሜሪካና አንታርክቲካ አንድ ላይ ተያይዘው ነበር። ሳይንቲስቶች ጎንድዋና ይሉታል። ያ ግዙፍ መሬት መሰንጠቅ ጀመረ። ሕንድና ማዳጋስካር ከአፍሪካ ሊለዩ ሲጀምሩ በስንጥቁ በኩል ባሕር ገባ። የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ፣ ዛሬ ኦጋዴንና ሶማሊያ ባሉበት አቅጣጫ ነው። ቀስ እያለ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ተስፋፋ። ሸዋን አዳረሰ። ትግራይ ደረሰ። ጥልቅ ውቅያኖስ አልነበረም። ሞቅ ያለ፣ ብርሃን የሚገባው፣ ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ለዛጎልና ለኮራል ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ዛጎሉ ሲሞት ቅርፊቱ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። ነጭ ጭቃ ይሸፍነዋል። በላዩ ሌላ ይከመራል። ክብደቱ ጭቃውን ይጨምቀዋል፣ ውኃው ይወጣል፣ ጭቃው ይጠነክራል። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው የዚያ ቅርፊት ስብርባሪና የነጭ ጭቃው ድብልቅ ነው። ውስጡ ቀንድ አውጣ አለ፣ ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል አለ፣ ኮራል አለ፣ ጃርት የመሰለ ክብ የባሕር እንስሳ አለ። ብራኪዮፖድ የሚባሉት ደግሞ ዛጎል መስለው ዛጎል ያልሆኑ ናቸው፤ በሽበሽ። በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታዩት ከሁሉም ይበዛሉ። ስለዚህ «ድንጋዩ ውስጥ ቅሪተ አካል አለ» ማለት ያንሳል። ድንጋዩ ራሱ በአብዛኛው ቅሪተ አካል ነው።

ለሚ ጠርዝ ላይ ቆማችሁ ወደ ጀማ ስትወርዱ ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው የምታነቡት። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። አንዳንድ ቦታ እንደ አጥር እንጨት ተደርድሮ ቆሟል። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ይመጣል። ይህ ባሕሩ ከሄደ በኋላ ወንዞች ያመጡት አሸዋ ነው። ቀጥሎ ቀላ፣ ወይን ጠጅ ያለ፣ ለስላሳ ተዳፋት አለ፤ ጭቃ ድንጋይ ነው። ባሕሩ እየሸሸ ሳለ የቀረ ረግረግና የወንዝ ዳር። ከሱ በታች ነጣ፣ ቢጫ ያለው ደረጃ ደረጃ የሠራ ድንጋይ ይጀምራል። ባሕሩ ያ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ደግሞ ከዚህም በታች ያለውን ያያል፤ ጄሶውንና የመጨረሻውን ቀይ የአሸዋ ድንጋይ።

ስማቸውን ስሰማ ነው ይበልጥ የደነቀኝ። በጂኦሎጂ መጻሕፍት ውስጥ ያ የአሸዋ ድንጋይ «የደብረ ሊባኖስ የአሸዋ ድንጋይ» ነው። ቀዩ ጭቃ ድንጋይ «የሙገር ጭቃ ድንጋይ» ነው። ጄሶው ያለበት ንብርብር የጎሐ ጽዮንን ስም ይዟል። ከላይ ካለው ጥቁር ድንጋይ አንዱ ክፍል የጣርማ በር ነው። የኖራ ድንጋዩ ብቻ ስሙን ከትግራይ ነው ያመጣው፤ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይባላል። ያወጣለት ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1860 ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲሄድ የአንታሎን ድንጋይ አየና መዘገበው። ሌላው ሰው ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሲያስብ እሱ ድንጋይ ይቆጥር ነበር። ይኸውላችሁ፣ የሸዋ ቀበሌዎች ስም በዓለም የጂኦሎጂ መጻሕፍት ውስጥ አለ። እዚያው ቀበሌ ያደገ ልጅ ግን ይህን ሳይሰማ ትምህርቱን ይጨርሳል። እኔ አንዱ ነኝ።

የዚህ ባሕር ዘመዶች ሩቅ አገር ናቸው። በሕንድ ኩች በሚባለው ክፍለ ሀገር የሚገኙት ዛጎሎች ከኛዎቹ ጋር ይመሳሰላሉ። ዓረቢያም እንዲሁ። የጥንት ሕይወት አጥኚዎች ይህን የባሕር ቀጠና በኢትዮጵያ ስም ይጠሩት ነበር። የሳዑዲ ዓረቢያ ትልቁ የነዳጅ ቋት፣ ጋዋር፣ ነዳጁን ያቆረው በዚሁ ዘመን በተሠራ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ለነሱ ነዳጅ፣ ለኛ ሲሚንቶ። ዕድል ነው እንግዲህ።

የጥፋት ውኃ ነው ወይ?

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ሰውየው አልተሳሳቱም ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ግማሹን አልተሳሳቱም። ደረቅ ተራራ ላይ የባሕር ቀንድ አውጣ አዩ። እዚህ ውኃ ነበር ብለው ደመደሙ። ይህ ትክክለኛ ምርመራ ነው። አውሮፓ ውስጥም ብዙ የተማሩ ሰዎች ለረጅም ጊዜ የደረሱት እዚሁ ድምዳሜ ላይ ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው «ውኃው ስንት ጊዜ ቆየ?» ሲባል ነው።

ድንጋዩ መልሱን ይዟል። አንደኛ፣ ኮራል ተጎትቶ አይመጣም። ባለበት ይበቅላል፣ በሞተው ላይ ሌላው ይበቅላል። አንድ ወፍራም የኮራል ንብርብር ለመሆን ጥርት ያለ ውኃና ረጅም እርጋታ ይፈልጋል። የሚናወጥ ጎርፍ ይህን አይሠራም። ከሥሩ ያለው ጄሶ ደግሞ ይብሳል። ጄሶ የሚፈጠረው የባሕር ውኃ በፀሐይ ሲተን ነው። ድስት ሙሉ ጨዋማ ውኃ ጥላችሁ ስትረሱት ታች የሚቀረውን ነጭ ነገር አስቡ። በዓባይ በረሃ ያለው ጄሶ ግን ንብርብር በንብርብር ነው፤ በመሃል ጭቃ፣ እንደገና ጄሶ። ውኃው ገብቶ ደረቀ፣ ገብቶ ደረቀ። ይህ የ40 ቀን ነገር አይደለም።

ታዲያ ባሕሩ የት ሄደ? ከፊሉ ሸሸ፤ መሬቱ ከፍ ሲልና የባሕሩ መጠን ሲቀንስ ወደመጣበት ተመለሰ። ትልቁ ነገር የተከተለው ከብዙ በኋላ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከመሬት ውስጥ የወጣው ትኩስ ቁስ አገሪቱን በጥቁር ድንጋይ አለበሳት። የኢትዮጵያ ደጋ ከፍ አለ። ከፍ ያለውን መሬት ዓባይ፣ ጀማ፣ ወንጪት፣ ሙገር እየቆረጡ ወረዱ። እነዚህ ወንዞች ባይኖሩ ባሕሩ እስከ ዛሬ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ተቀብሮ ይቀር ነበር። እኛም በላዩ ላይ ስንዴ እየዘራን ምንም አናውቅም።

እግረ መንገዴን፣ ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን «የፖርቱጋል ድልድይ» የጎበኘ ሰው አንድ ወሬ ሳይሰማ አይመለስም። ድልድዩ የተሠራው በኖራና በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ነው ይባላል። ያሠሩትም ራስ ዳርጌ ናቸው እንጂ ፖርቱጋሎች አይደሉም። የቅርፊቱን ነገር ማመን አለማመን የናንተ ነው። የሚገርመው ግን የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና የኖራ ድንጋይ በኬሚስትሪ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። የጎንደር ግንቦችም የተያያዙት በኖራ ነው። በድንጋዩ መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ፍጥነቱ ነው።

ምን ልናጣ እንችላለን?

«ዛጎል ሞልቷል ካላችሁ ጥቂቱ ቢፈጭ ምን አለበት?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ተራው ዛጎል በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ቀንድ አውጣ ተፈጨ ብዬ አላለቅስም። ነገሩ ያለው ብርቅዬው ላይ ነው። ብርቅዬው ደግሞ ብቻውን አይገኝም፤ ከተራው ጋር ተደባልቆ ነው።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በላይኛው የዓባይ ሸለቆ ተመራማሪዎች ከሙገር ጭቃ ድንጋይ ያወጡትን የዓሣ፣ የአዞና የዳይኖሰር ቅሪት በ1999 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳወቁ። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ ጥርስ ይዘው መጡ። አንድ ብቻ። በሚሊሜትር የምትለካ። የአጥቢ እንስሳ ጥርስ ነች፤ በኢትዮጵያ ከጁራሲክ ዘመን፣ ማለትም ባሕራችን ከነበረበት ዘመን፣ የተገኘች የመጀመሪያዋ የአጥቢ ምልክት። እንስሳው አይጥ የሚያክል ፍጥረት ነበር። ዳይኖሰር በሚረግጠው መሬት ላይ ሹልክ ሹልክ የሚል። በዕድሜ ከድንቅነሽ ወደ 50 እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ዘመን የአፍሪካ አጥቢ እንስሳት ምልክት እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ያች ጥርስ የአንድ አህጉርን ክፍተት ለመሙላት የምትታገል ናት።

እንዲህ ያለ ጥርስ እንዴት ይገኛል መሰላችሁ? አፈሩ በከረጢት ይሰበሰባል። በወንፊት ይታጠባል። የቀረው ገለባ የመሰለ ነገር በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ ይለቀማል። እናቶቻችን ምስር ሲለቅሙ አይታችኋል? እሱው ነው። ምስር ለቃሚ ዓይንና ትዕግሥት ያለው ሰው ካለ ሥራው ውድ ማሽን አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ነው ሲሚንቶውና ጥርሷ የሚገናኙት። የሙገር ጭቃ ድንጋይ የተቀመጠው ከኖራ ድንጋዩ በላይ ነው። ሁለቱ ባሉበት ቦታ ወደ ኖራው ከላይ ወደ ታች የሚቆፍር ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጭቃ ድንጋዩን ነው። ለካባ፣ ማለትም ለድንጋይ ማውጫ፣ ሠራተኛ ይህ የሚጠረግ አፈር ነው። ወይም እንደነገርኳችሁ ሲሚንቶ ሸክላም ስለሚፈልግ ከኖራው ጋር ተቀላቅሎ ሊፈጭ ይችላል። ውድ የሆነው ነገር ያለው ርካሽ በሆነው ንብርብር ውስጥ ነው።

ቁፋሮ ግን ለቅሪተ አካል ጠላት ብቻ አይደለም። ይህን የምለው ለማለዘብ አይደለም፤ እውነት ነው። ገደል ላይ ያለ ድንጋይ በዝናብና በፀሐይ ያረጃል፣ በቁጥቋጦ ይሸፈናል። ካባ ግን በየቀኑ አዲስ ገጽ ይከፍታል። በጀርመን ዞልንሆፈን በሚባል ቦታ በ1861 እ.ኤ.አ. አርኪዮፕተሪክስ የተባለው ላባ ያለው፣ ወፍ መሰል የጥንት እንስሳ የተገኘው የኖራ ድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ያ ድንጋይ ከኛው የኖራ ድንጋይ የመጨረሻ ዘመን ጋር እኩያ ነው፤ 150 ሚሊዮን ዓመት። ካባው ባይኖር ማን ያገኘው ነበር?

ከዞልንሆፈን ይልቅ ለኛ የሚቀርበው ግን የኔዘርላንዱ ማስትሪክት ነው። እዚያ ድንጋዩ የሚወጣው ልክ እንደኛ ለሲሚንቶ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ሲቆፍር ለየት ያለ ነገር አየ። ሥራውን አቁሞ አሳወቀ። ሞሳሶር የሚባል ግዙፍ የባሕር እንሽላሊት ሆኖ ተገኘ። ቅሪተ አካሉ በኦፕሬተሩ ስም ነው የሚጠራው። አስቡት፤ ፕሮፌሰሩ አይደለም ያገኘው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ምን ማየት እንዳለበት ያውቅ ነበር፣ ማን ጋ እንደሚደውልም ያውቅ ነበር፣ ሥራ አቆምክ ተብሎ እንደማይቀጣም ያውቅ ነበር። ሦስተኛዋ ትልቋ ነች።

እኛ ጋ ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41 ግልጽ ነው። በማዕድን ፍለጋ፣ በግንባታ ወይም በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅ አለበት። ባለሥልጣኑ እስኪረከበውም ሳይነካካ መጠበቅ አለበት። አዋጁ ቅርስ ሲል የተፈጥሮን ዝግመተ ለውጥ የሚመሰክረውንም ያካትታል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ጥናት እንዲደረግ ያዛል። ወረቀቱ ላይ ችግር የለም።

ችግሩ ወረቀቱ ካባው ድረስ አለመውረዱ ነው። ቅርስ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን ታቦት፣ ብራና፣ ሐውልት ነው። ቅሪተ አካል ሲባል አፋር ነው። ጀማ ማንም አያስብም። እኔ ራሴ ያችን ድንጋይ ይዤ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር፤ የት ልስጣት ብዬ። ባለሙያው አገላበጠና «ድንጋይ እኮ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ድንጋይ ነው። እኔም ወደ ቦርሳዬ መለስኳት። እንዳነሳኋት ያለችበትን ቦታ ጽፌ አልያዝኩም፣ ፎቶም አላነሳሁም። ይህ የኔ ጥፋት ነው። ቦታዋ የማይታወቅ ቅሪተ አካል ለሳይንስ ጌጥ ናት፣ አለቀ። የትኛው ንብርብር ላይ እንደነበረች፣ ከሥሯና ከላይዋ ምን እንደነበረ ካልታወቀ ታሪኳ ግማሽ ነው። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ወደ ጀማ ለመውረድ የተነሳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አታንሱ። ፎቶ አንሱ። ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አጠገቡ አድርጉ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። የስልካችሁ ካርታ ያላችሁበትን ቦታ ይመዘግባል። ይበቃል።

ከፋብሪካ የሚፈለገውም ብዙ አይደለም። ካባ የሚሠራው በደረጃ ነው። አንዱን ደረጃ፣ የኖራ ድንጋዩና ጭቃ ድንጋዩ የሚገናኙበትን፣ ለተማሪና ለተመራማሪ መተው ምርት አይጎዳም። እዚያ ያለው ኖራ ሸክላ የበዛበት ስለሚሆን ለምድጃውም ቀዳሚ ምርጫ አይደለም። በጀርመን ዶተርንሃውዘን የሚገኝ የሲሚንቶ ፋብሪካ ከካባው የወጣ ቅሪተ አካል የሚያሳይ የራሱ ሙዚየም አለው። ፋብሪካው አልከሰረበትም። በኛ በኩል ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም፣ ፍቼ ያለው ሰላሌ ዩኒቨርሲቲም ከሸለቆው ሩቅ አይደሉም። ተማሪ አለ፣ ድንጋይ አለ።

አንድ ነገር ግን መሸሸግ አይገባም። ባለፉት ዓመታት ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንደልብ ወጥቶ መግባት ከባድ ሆኗል። ድንኳን ተክሎ ወር ሙሉ ሸለቆ ውስጥ የሚያድር ተመራማሪ ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ድንጋዩን በየቀኑ በቅርብ የሚያየው ሰው አንድ ነው፤ ካባ ላይ የሚውለው። ሹፌሩ፣ ኦፕሬተሩ፣ ፈንጂ የሚያጠምደው፣ ድንጋይ የሚለየው። አብዛኛው የአካባቢው ልጅ ነው። ዛጎሉንም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ከብት ሲጠብቅ ተጫውቶበታል። ግማሽ ቀን አስቀምጦ «ዛጎሉን ተወው፤ አጥንት የመሰለ፣ ጥርስ የመሰለ፣ ከሌላው በቀለም የጠቆረና የሚያብረቀርቅ ነገር ስታይ ግን ቁም» ቢሉት ከማናችንም በላይ ያያል። አንድ የስልክ ቁጥር ኤክስካቫተሩ መስታወት ላይ ቢለጠፍለት ደግሞ ይደውላል፤ ከወዲያ የሚያነሳለት ሰው ካለ።